«መዘግየት የለም» ተብላ ስለተመዘገበችው ልጄ፦ ለክፍለ ከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክፍለ ከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ የጻፍኩት ወድጄ አይደለም። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤት ገቢ ሆኗል፤ ማኅተም ያረፈበት ቀሪ በእጄ አለ። ቅሬታ ሰሚ ክፍልም ሄጃለሁ። «ጉዳዩ እየታየ ነው» ተብያለሁ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውንም በቃሌ ይዤዋለሁ። ቅሬታ በስንት ቀን መልስ እንደሚያገኝ በርዎ አጠገብ የተሰቀለው የዜጎች ቻርተር ላይ ተጽፏል። የለጠፋችሁት እናንተ ናችሁና ቁጥሩን አልደግምልዎትም።

ልጄ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆናታል። ሁለቱም ጆሮዎቿ በደንብ አይሰሙም። ይህን ያወቅነው በቅርቡ ነው፤ በግል ክሊኒክ፣ በራሳችን ገንዘብ። ነገሩ አለመስማቷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለእርስዎ አልጽፍም ነበር፤ እሱን ከፈጣሪዬ ጋር እነጋገርበታለሁ። የምጽፍልዎት በእርስዎ ሥር ባለው ጤና ጣቢያ ስለተደረገው ነው።

አንድም ክትባት አላመለጣትም። እንደተወለደች፣ በስድስት ሳምንት፣ በአሥር፣ በአሥራ አራት፣ ከዚያ በዘጠኝ ወር፣ ከዚያ በ15 ወር። በሄድን ቁጥር ትመዘናለች፣ ክንዷ ይለካል፣ ካርዷ ላይ ይጻፋል። «ኪሎዋ ቆንጆ ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ልጅቷ ትበላለች። በጊዜዋ ተቀምጣለች፣ በጊዜዋ ድሃለች። «ወፌ ቆመች» ሲሏትም በጊዜዋ ቆማለች። አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስሟን ስጠራት አትዞርም። በፊት ባባ፣ ማማ እያለች ድምፅ ታወጣ የነበረው እየቀነሰ ሄደ።

በ15 ወሯ ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ስንሄድ ይህንኑ ተናገርኩ። መልሱ እንዲህ ነበር፦ «ልጆች እኮ ይለያያሉ፣ አይዞሽ፣ ታወራለች። ቴሌቪዥን ቀንሺባት።» ቴሌቪዥናችን ከተበላሸ ቆይቷል። እሺ፣ ይሁን፤ ለማንኛውም ጆሮዋን ትታይ፣ ሪፈር ጻፉልኝ አልኩ። «በምን ምክንያት? ጤነኛ ልጅ ናት። ኪሎዋን አላየሽም?»

ኪሎ እና ጆሮ ምን እንደሚያገናኛቸው እስካሁን የነገረኝ የለም።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገርዎት። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው መዝገብ የልጆች ዕድገት ደረጃ የሚሞላበት ዓምድ አለው። እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ልጁ ለዕድሜው የሚጠበቀውን ያደርጋል ወይስ ዘግይቷል የሚል ነው። ከጠረጴዛው ማዶ ቆሜ፣ ልጄን አዝዬ፣ እያየሁ ነው። በልጄ ስም ትይዩ «መዘግየት የለም» በሚለው ላይ ምልክት ተደረገ። ምን ትላለች፣ በጣቷ ትጠቁማለች፣ ስትጠራ ትዞራለች ብሎ የጠየቀ የለም። ያልተጠየቀውን ራሴ ተናግሬያለሁ። አትዞርም ካልኩ በኋላ ነው «መዘግየት የለም» የተባለው።

ስትወለድ ክፉኛ ቢጫ ሆና መብራት ሥር ተኝታ ነበር። ይህም ወረቀቷ ላይ አለ። እንደዚያ በርትቶ ቢጫ የሆነ ሕፃን የመስማት ችግር ሊያመጣ እንደሚችልና ጆሮው መታየት እንዳለበት የነገረኝ የግል ክሊኒኩ ሐኪም ነው። ያን ወረቀት ከክትባት ካርዱ ጋር በአንድ ፌስታል ይዤ ነበር የምመላለሰው። አሳዪን ያለኝ የለም።

ሪፈር መከልከል ለእናንተ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ጤና መድኅኑ አይሠራም ማለት ነው። መዋጮውን በየዓመቱ እከፍላለሁ፤ ለማሳደስ አንድ ቀን ካለፈብኝ የሚሆነውን ያውቁታል። ያለ ሪፈር ሆስፒታል ብሄድ ከኪሴ ነው። እናም ገንዘብ እስኪጠራቀም ጠበቅን። ልጅቷ ግን ዕድሜዋን እየቆጠረች ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ልጅ ቋንቋ የሚይዝባቸው ዓመታት ናቸው። ከእነሱ ውስጥ አንድ ዓመት ከምናምን የሄደው ወረቀት ሳይጻፍ ነው።

«ልጆች ይለያያሉ» የሚለው ውሸት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች ሕፃናትን ተከታትሎ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት ይህንኑ ያሳያል። አንዱ በስምንት ወሩ ብቻውን ይራመዳል፣ ሌላው አንድ ዓመት ተኩል እስኪሞላው ይቆያል፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው። ጭራሽ ሳይድሁ የሚቆሙም አሉ። ግን ያው ጥናት ለመራመድም ወሰን ያስቀምጣል። አንድ ዓመት ተኩል አልፎት ብቻውን ያልተራመደ ልጅ መታየት አለበት፤ ምናልባትም ፀሐይ አጥቶ አጥንቱ ሳስቶ ይሆናል። በዘጠኝ ወሩ ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ፣ ለስሙ የማይዞር፣ ዓመት ሳይሞላው አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም፣ በ18 ወሩ የፈለገውን በጣቱ የማይጠቁም፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት «እማ ውሃ» ብሎ ሁለት ቃል የማያገናኝ፣ እነዚህ ሁሉ መታየት አለባቸው። የሚችለውን የተወ፣ ያወራ የነበረው ቃል የጠፋበት ልጅ ደግሞ ዕድሜው ምንም ይሁን ቀጠሮ አይሰጠውም፤ ዛሬውኑ ይታያል። መታየት ማለት በሽተኛ ነው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ታይተው ደኅና ሆነው ይመለሳሉ።

ይህን ለመጠየቅ ማሽን አያስፈልግም። አምስት ደቂቃና እናትን የሚሰማ ሰው ይበቃል።

ነርሷን ከሰስሽ እንዳይሉኝ። ወረፋው እስከ ውጭው በር ድረስ ነው፤ እሷ ትወጋለች፣ ትመዝናለች፣ ትጽፋለች፣ ማታ ደግሞ ሪፖርት ትሞላለች። ዓምዱ ባዶ ከሆነ የምትጠየቀው እሷ ናት። በውሸት ከተሞላ ግን የሚጠይቃት የለም። ታዲያ ሰው የትኛውን ይመርጣል? ቁጥሩ ተደምሮ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ መቼም ያማረ ይመስላል። «ይህን ያህል ሕፃናት ተመርምረዋል፣ ይህን ያህሉ መዘግየት የለባቸውም።» ከእነዚያ አንዷ የእኔ ልጅ ናት።

«ሙያው አልነበረም፣ አናውቅም ነበር» ማለት ድሮ ይቻል ነበር። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው የሚሆን ቦታ አጥተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ራሳቸው ሲከፍቱ እንደዚያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ20 ዓመት በላይ አልፏል። ዛሬ ከተማ አስተዳደሩ አዲስ አበባን ከአፍሪካ ከተሞች ሁሉ ልጅ ለማሳደግ የተመቸች አደርጋለሁ ይላል። የእናንተም የቴሌግራም ገጽ በፊኛና በባነር ደምቋል። ፎቶው ላይ ያሉት ልጆች ስማቸው ሲጠራ ይዞሩ እንደሆነ የጠየቀ ይኖር ይሆን?

አዲስ ፕሮጀክት አልጠይቅዎትም። ሥልጠና በሆቴልም አልልም። በዘጠኝ ወርና በ15 ወር እናት ሁሉ ለኩፍኝ ክትባት በራሷ እግር ትመጣለች። በየስድስት ወሩም ለቫይታሚን ኤ ትመጣለች። ያኔ ይጠየቅ። እናት ሰግታ ሪፈር ስትጠይቅ ደግሞ ይጻፍላት፤ የማይጻፍ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣት።

ለራሴ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። ሪፈር ለምን እንደተከለከልኩ በደብዳቤ እንዲመለስልኝ። ልጄ የመስሚያ መሣሪያ ያስፈልጋታልና ለክትትሏ የሚሆነው ሪፈር በዚህ ሳምንት እንዲጻፍ። ሦስተኛው፣ መዝገቡ እንዲታረም። በልጄ ስም ትይዩ ያለው ምልክት ውሸት ነው፤ ይሰረዝ። ለበላይ አካል ከላካችሁት ሪፖርት ላይም አንድ ቀንሱ። የካርድ ቁጥሯ ከማመልከቻዬ ጋር ተያይዟል፤ መዝገብ ቤት ይገኛል።

ከሰላምታ ጋር
የሁለት ዓመት ከመንፈቅ ልጅ እናት

ግልባጭ፦
ለቅሬታ ሰሚ ክፍል (የመጀመሪያው ከጠፋ)
ይህን ለሚያነብ ወላጅ ሁሉ