ኤኤስ/400 ከርቀት አላትም ሲል

ውድ አባላት፣ ሰላም ለሁላችሁ።

ሰሞኑን ከቅርንጫፍ ሆናችሁ ወደ አይቢኤም ኤኤስ/400 (ድርጅቶች ሥራቸውን የሚያካሂዱበት ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ስለመግባትና በቅርንጫፋችሁ ፕሪንተር ስለማተም የጠየቃችሁ በዝታችኋል። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ኔትወርኩ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ አውትፑት ኪውን (ሊታተሙ የተላኩ ፋይሎች ተራ የሚጠብቁበትን ቦታ) እዩ እላለሁ።

ፋይሉ እዚያ ተቀምጦ ካልተንቀሳቀሰ፣ ራይተሩ (ፋይሎቹን ከኪው ወደ ፕሪንተር የሚልከው ፕሮግራም) ሥራ መጀመሩን አረጋግጡ። ከራይተሩ ስም አጠገብ «ኤምኤስጂደብልዩ» (MSGW) ካያችሁ ሲስተሙ መልስ እየጠበቀ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የወረቀት ዓይነት ለውጡ እያለ ነው። መልሱለት፣ ይቀጥላል።

ፋይሉ ተልኮ ፕሪንተሩ ጋ ካልደረሰ ደግሞ የሪሞት ኪውን (ፋይሉ የሚላክበት፣ በፕሪንተሩ በኩል ያለው ኪው) ስም አጻጻፍ ተመልከቱ። ያለ ነጠላ ጥቅስ ከጻፋችሁት ኤኤስ/400 ሁሉንም ወደ ትልልቅ ፊደል ይቀይረዋል። ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚለይ ፕሪንት ሰርቨር (ፋይሉን ተቀብሎ ለፕሪንተሩ የሚያቀብለው) ታዲያ በዚህ ስም የማውቀው የለም ብሎ ይመልሳል። ይቺ ትንሽ ነገር የስንቱን ቀን በላች! እግረ መንገዳችሁን ፋየርዎሉ ላይ የሚታተመው ፋይል የሚያልፍበት ፖርት 515 ክፍት መሆኑንም እዩ።

ወረቀቱ ወጥቶ የማይነበብ ምልክት ከሞላበት፣ ሆስት ፕሪንት ትራንስፎርም (ፋይሉን ፕሪንተሩ ወደሚረዳው ቋንቋ የሚቀይረው) አልበራም ወይም የተመረጠው የፕሪንተር ሞዴል ልክ አይደለም።

የተርሚናል ኢሙሌተሩ (ከኮምፒውተራችሁ ሆናችሁ ወደ ኤኤስ/400 የምትገቡበት ፕሮግራም) ነገር ይቀላል። ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ የዲቫይስ ስም (ኤኤስ/400 እያንዳንዱን ኮምፒውተር የሚለይበት ስም) ከያዙ ሁለተኛው አይገባም፤ ለየብቻ ስም ስጧቸው። ከስክሪኑ ግርጌ ኤክስ (X) መጥቶ ኪቦርዱ ከተቆለፈ ሪሴት ተጫኑ። መስኮቱን ዝም ብላችሁ አትዝጉት፤ የቆየው ሴሽን (የገባችሁበት ግንኙነት) የዲቫይስ ስሙን እንደያዘ ሊቀር ይችላል።

ጥያቄ ስትልኩ የስህተቱን ኮድ ሳታሳጥሩ ጻፉልን።