ኢንሆፍ ማለት የበረዶ ኳስ ብቻ አይደሉም

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ሟቹ የኦክላሆማ ሴናተር ጂም ኢንሆፍ ያወጣችሁት ጽሑፍ በሁለት ነገር ላይ ቆሟል፦ የዓለም ሙቀት መጨመርን ለማጣጣል በ2015 ሴኔት ውስጥ በወረወሩት የበረዶ ኳስና ኤች አር 2003 የተባለውን፣ የኢትዮጵያን የዲሞክራሲና የሰብዓዊ መብት ጉዳይ የሚመለከት ረቂቅ ሕግ በመቃወማቸው (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሁለቱም እውነት ነው። የበረዶ ኳሱን እኔም አልከላከልላቸውም፤ የአንድ ቀን ብርድ ስለ አየር ንብረት የሚያስረዳው ነገር የለም። እስከ ዛሬ የሚሠራው ሥራቸው ግን በ1993፣ ገና የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሳሉ፣ ያስለወጡት ደንብ ነው።

የኮሚቴ ሰብሳቢ አንድን ረቂቅ ሕግ አፍኖ ቢይዝ፣ አባላቱ «ዲስቻርጅ ፔቲሽን» በሚባለው ፊርማ ሊያስወጡት ይችላሉ። ረቂቁ ምክር ቤቱ በሚሰበሰብባቸው ቀናት ተቆጥሮ 30 ቀን ኮሚቴ ዘንድ መቆየት አለበት። ከዚያ 218 አባላት ራሳቸው አዳራሹ ውስጥ ቀርበው ይፈርማሉ። ባዶ ወንበር ቢኖርም ቁጥሩ አይቀንስም። ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚከሽፈው መጨረሻው ላይ ነው፤ 218ኛው እስኪፈርም ድረስ የፈረመ ሁሉ ስሙን ማንሣት ይችላል። የምክር ቤቱ የሁለት ዓመት ዘመን ካለቀ ደግሞ የተሰበሰበው ፊርማ ሁሉ ዋጋ ያጣል።

ከ1993 በፊት የፈራሚዎቹ ዝርዝር ምስጢር ነበር። ስለዚህ እንደራሴው ለመራጮቹ «ሕጉን እደግፋለሁ፣ ስሜም ረቂቁ ላይ አለ» ይላል፤ አለቆቹን ላለማስቀየም ግን አይፈርምም። ድጋፉ ከአንገት በላይ መሆኑን የሚያውቅበት የለም፤ የሌሎችን ስም ያወጣም ቅጣት ያሰጋዋል። ኢንሆፍ ዝርዝሩ ይፋ እንዲሆን ደንቡን ለማስለወጥ በዚያው በምስጢሩ መንገድ 218 ፊርማ አሰባሰቡ። ዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ ያልፈረሙትን በስም ሲያትም፣ ሲያመነታ የነበረው ሁሉ ፈረመ። ለውጡ በሴፕቴምበር 1993 በ384 ለ40 ድምፅ ጸደቀ። ያኔ ፓርቲያቸው ሪፐብሊካን በምክር ቤቱ አናሳ እንደነበር አይዘንጋ።

በኖቬምበር 2025 በወሲብ ወንጀል የተከሰሰው ባለሀብት የጄፍሪ ኤፕስቲን ሰነዶች ይውጡ የሚለው ፊርማ 218 ሲሞላ፣ ከሪፐብሊካን የፈረሙት አራት ብቻ መሆናቸውን አገር ያወቀው በዚህ ደንብ ነው። በእርግጥ መራጩ የሚያየውን ዝርዝር ኋይት ሐውስም ያየዋል፤ ለዚህም ነው በፈራሚዎቹ ላይ ግፊቱ የበረታው። ቢሆንም ከድሮው ይሻላል።

ሌላው ሕጋቸው እንኳ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። በ2010 ቴክሳስ ውስጥ ሠራተኞች ባሉበት የተዘጋ ማኮብኮቢያ ላይ አውሮፕላናቸውን አሳርፈው ተጠየቁ፤ በ2012 የአብራሪዎችን መብት የሚያሰፋ ሕግ አስወጡ።

ኤች አር 2003ን በተመለከተ አንድ እርማት እጠይቃለሁ። ጽሑፋችሁ «ሴኔቱ ውድቅ አደረገው» ይላል። የተወካዮች ምክር ቤት በ2007 ካሳለፈው በኋላ ሴኔቱ ድምፅ አልሰጠበትም፤ የምክር ቤቱ ዘመን ሲያበቃ አብሮ ቀረ። ስለዚህ የትኛው ሴናተር ደገፈ፣ የትኛው ተቃወመ የሚል የድምፅ መዝገብ የለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ