ኮንክሪቱ ላይ ፋይበር ይጨመር

ለአዘጋጁ፦

የመሃል አዲስ አበባ የእግረኛ መንገዶች ቶሎ ስለመሰንጠቃቸው ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ጥፋቱን ሁሉ በሲሚንቶው ላይ ማላከክ ግን ልክ አይመስለኝም። የበጋው ፀሐይና ደረቁ ነፋስ አዲስ የተሞላን ኮንክሪት ገና ሳይጠነክር ውሃውን ይመጥጡታል። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ የምትጀምረው ያኔ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ በእሷ ሰርጎ ውስጥ ያለውን ፌሮ ያዝገዋል።

በ1 ሜትር ኩብ ኮንክሪት 900 ግራም ገደማ የፖሊፕሮፒሊን ፋይበር፣ ማለትም ቀጫጭን የፕላስቲክ ክር፣ መቀላቀል ይህን ስንጥቅ በእጅጉ ይቀንሳል። አባቶቻችን ጭቃ ላይ ጭድ የሚጨምሩት ለዚሁ ነበር። ይህ ቀጭን ፋይበር ግን የፌሮ ምትክ አይደለም፤ «ፌሮ ይቆጥብልሃል» የሚል ሻጭ ከመጣ አትስሙት።

የከተማው አስተዳደር በቀጣዩ የጨረታ ሰነድ ለእግረኛ መንገድ ኮንክሪት ፋይበሩን ከነመጠኑ ያስገባ። ተቆጣጣሪ መሐንዲሱም ኮንክሪቱ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ መጠጣቱን ፈርሞ ያረጋግጥ።

አንድ ሲቪል መሐንዲስ፣ ከካዛንቺስ