ለደንበኞቻችን፦ የሱቃችሁ ዳታ ከሱቁ ውጭም ይደር

ግንቦት 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለውድ ደንበኞቻችን
በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ የሽያጭ ኮምፒውተራችሁን ባክአፕ (የዳታ መጠባበቂያ ቅጂ) እና እንክብካቤ ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድመን የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ሰኔ 30 እየቀረበ ነው። የዓመቱ ቆጠራ ሊጀመር፣ ሂሳብ ሊዘጋ ነው፤ ክረምቱም አብሮ ይገባና መብራት ሄድ መጣ ማለት ያበዛል። በዚህ ወቅት ስልካችን ከወትሮው በላይ ይጠራል። ከሚደውሉልን ብዙዎቹ የሚጠይቁን አንድ ነገር ነው፦ «ዳታው ይመለሳል ወይ?» መልሱ የሚወሰነው ኮምፒውተሩ ከመበላሸቱ በፊት በተሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ ሁሉም በሰላም እየሠራ ሳለ ይህን ደብዳቤ ልንጽፍላችሁ ወደድን። ረዘም ይላል፤ ቢሆንም ባለቤቱም ካሸሩም እንዲያነቡት እንለምናለን።

«ፊስካል ፕሪንተሩ እኮ ሁሉንም ይይዛል» የሚሉን ደንበኞች አሉ። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ስለሆነ ከዚሁ እንጀምር። የፊስካል ማሽኑ የሚይዘው ለግብር የሚያስፈልገውን ነው። ማታ ዜድ ሪፖርት (የቀኑን መዝጊያ ሪፖርት) ስታወጡ የዕለቱ ሽያጭና የቫቱ ድምር በሜሞሪው ላይ ይመዘገባል፤ የደረሰኞቹ ቅጂም በኤሌክትሮኒክ ጆርናሉ ይቀመጣል። መጋዘን ውስጥ ስንት ካርቶን ዘይት እንደቀረ ግን አያውቅም። ዕቃው በስንት እንደተገዛ፣ ለየትኛው አከፋፋይ ስንት ብር እንደሚቀርባችሁ፣ ማን በዱቤ እንደወሰደ፣ የትኛው መድኃኒት በየትኛው ወር ጊዜው እንደሚያልፍ አያውቅም። ይህ ሁሉ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው ዳታቤዝ፣ ማለትም ፕሮግራሙ መዝገቡን ሁሉ በሚያስቀምጥበት ፋይል ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ቢሞት ፊስካል ማሽኑ ለገቢዎች የምታሳዩትን ይሰጣችኋል እንጂ ሱቁን የምታስተዳድሩበትን አይመልስላችሁም።

አንድ ሚኒ ማርኬት የደረሰበትን እንንገራችሁ። የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ በድንገት ሞተ። ባለቤቱ ብዙም አልደነገጡም፤ ካሸሯ ማታ ማታ ባክአፕ ትወስድ ነበርና ፍላሹን ይዘው መጡ። ስንከፍተው በየቀኑ ስም የተከፈቱ ፎልደሮች በሥርዓት ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ፋይል አለ፤ መጠኑ 2 ኪሎባይት። ልጅቷ አንድም ቀን ሳታጓድል የገለበጠችው ዴስክቶፕ ላይ ያለውን የፕሮግራሙን መክፈቻ ምልክት ነበር፤ ከምልክቱ ጀርባ ደግሞ ምንም ዳታ የለም። የምትችለውን ሁሉ አድርጋለች፤ ፋይሉን ከፍቶ ያየላት ሰው ነው የጠፋው። የዕቃው ዝርዝር መደርደሪያውን እንደ አዲስ በመቁጠር፣ ዋጋው ከአከፋፋዮች ደረሰኝ ተለቅሞ ተመለሰ። ዱቤው ግን በወሰዱት ሰዎች ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ታዲያ ትክክለኛው ባክአፕ የቱ ነው? የዳታቤዙን ፋይል ከፎልደሩ ኮፒ ማድረግም መፍትሔ አይሆንም። ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ፋይሉ ስለሚቆለፍ አይገለበጥም፤ በሌላ ዘዴ ተገድዶ ቢገለበጥ እንኳ ግማሹ የአሁኑን ግማሹ የቀድሞውን ይዞ ሊበላሽ ይችላል። ትክክለኛው መንገድ በፕሮግራሙ ውስጥ «ባክአፕ» በሚለው ማዘዣ የሚወጣው፣ ስሙ ላይ ቀኑ የተጻፈበት ፋይል ነው። መጠኑን ማየት ልመዱ። ትናንት 400 ሜጋባይት የነበረ ፋይል ዛሬ ትንሽ ጨምሮ መገኘት አለበት። ዜሮ ከሆነ ወይም በአንዴ ካሽቆለቆለ የሆነ ነገር ተበላሽቷልና በዚያው ቀን ደውሉልን።

አብዛኞቻችሁ የምትጠቀሙት ነፃውን የዳታቤዝ ፕሮግራም፣ የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስን ነው። ለሱቅ ሥራ በቂ ነው፤ ሁለት ጠባዩን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሰዓት ጠብቆ ባክአፕ የሚወስድ አገልግሎት አብሮት አይመጣም፤ ቀጠሮው የሚያዘው በዊንዶውስ በኩል ነው። ሁለተኛ፣ እስከ 2022ቱ እትም ድረስ አንድ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት በላይ እንዲያድግ አይፈቅድም። የእያንዳንዱን ዕቃ ፎቶ አስገብታችሁ ዓመታት ከሠራችሁ እዚያ መድረሱ አይቀርም፤ የደረሰ ዕለት ሽያጭ መመዝገብ ያቆማል። ባክአፕን በሰዓት ብቻ ማሰርም አያስተማምንም። ሱቁ ማታ 3 ሰዓት ተዘግቶ ኮምፒውተሩ ከጠፋ የ4 ሰዓቱ ቀጠሮ ሳይፈጸም ያድራል። ስለዚህ ባክአፑ ቀን ሲዘጋ፣ ከዜድ ሪፖርቱ ጋር ተከትሎ እንዲወጣ እናደርጋለን። ካሸሩ «ባክአፕ ተጠናቋል» የሚለውን ጽሑፍ ሳያይ ኮምፒውተሩን አያጥፋ።

የወጣው ፋይል እዚያው ኮምፒውተር ላይ ካደረ ግን ገና አልዳነም። ሌባ ኮምፒውተሩን ሲወስድ ባክአፑንም ይወስዳል፤ እሳትም ጎርፍም እንዲሁ። በሙያው የታወቀ ደንብ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤቱ ውጭ። ለእናንተ የሚመቸው እንዲህ ነው። ሁለት ፍላሽ ይኑራችሁ። አንዱ ሱቅ ሲሆን ሌላው ባለቤቱ ቤት ያድራል፤ በማግሥቱ ይቀያየራሉ። በሳምንት አንዴ ደግሞ በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ኢንተርኔት ያላችሁ ወደ ጉግል ድራይቭ መላክ ትችላላችሁ። በቴሌግራም ለራሳቸው የሚልኩም አሉ፤ ምንም ከማይኖር ይሻላል፤ ነገር ግን ፋይሉን በፓስወርድ ዚፕ ሳታደርጉ አትላኩ። በውስጡ የደንበኞቻችሁ ስምና ዕዳ አለ፤ ፋርማሲ ከሆናችሁ ደግሞ ማን ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ጭምር አለ። ያን የሰው ገመና መጠበቅ የእናንተም የእኛም ግዴታ ነው።

ስለ ፍላሽ አንድ ነገር እንጨምር። ላዩ ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት በጣም ርካሽ ፍላሽ አትግዙ። ብዙዎቹ ውስጣቸው የያዙት የተጻፈውን ጥቂት ክፍል ነው፤ ከሞሉ በኋላ አዲሱን ፋይል የተቀበሉ እየመሰሉ አሮጌውን ያጠፉታል። 32 ጊጋባይት የሆነ ደህና ፍላሽ ከበቂ በላይ ነው። ለባክአፕ የተገዛ ፍላሽም ፊልምና ዘፈን አይዞርበት።

ፍላሹን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክታችሁ የምትተዉ ደግሞ ይህን አስቡ። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ተሰራጭቶ የብሪታኒያን ሆስፒታሎች ሥራ ጭምር አስተጓጎለ። የሚያደርገው ፋይሎችን ቆልፎ የመክፈቻ ገንዘብ መጠየቅ ነበር። ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዘለው በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ ቀዳዳ በኩል ነው፤ የካሸሩን ኮምፒውተር ከሰርቨሩ (ዳታቤዙ ካለበት ዋና ኮምፒውተር) ጋር የምናገናኝበት መንገድ ማለት ነው። የተሰካ ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ሲያገኝም አብሮ ይቆልፋል። የሚያሳዝነው ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ቫይረሱ ከመውጣቱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ አውጥቶ ነበር፤ የተጎዱት በአብዛኛው ያልጫኑት ናቸው። ዛሬም ዊንዶውስ 7 የሚጠቀሙ ደንበኞች አሉን፤ የእሱ ድጋፍ ያበቃው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የዊንዶውስ 10ም መደበኛ ድጋፍ ባለፈው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ኮምፒውተሩን ወዲያው መቀየር ለማይችል የምንመክረው የሽያጩን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት እንዲያርቅ፣ ዩቲዩብና ፌስቡክ እንዳይከፈትበት፣ ባክአፑ እንዳለቀም ፍላሹ እንዲነቀል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመጣለን። ተመልሶ ያልተሞከረ ባክአፕ ተስፋ ብቻ ነው። ፋይሉ አለ፣ መጠኑም ደህና ነው፤ ሲፈለግ ግን አልከፈትም ሊል ይችላል። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ ፋይሉን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሪስቶር አድርገን (ዳታውን ከባክአፑ መልሰን) ሦስት ነገር ከእናንተ ጋር እናመሳክራለን፦ የትናንቱን ሽያጭ ድምር ከወረቀቱ ዜድ ሪፖርት ጋር፣ የአንድ ዕቃ ቀሪ ብዛት መደርደሪያው ላይ ካለው ጋር፣ የአንድ ደንበኛ ዱቤ ከደብተራችሁ ጋር። ሦስቱ ከገጠሙ በዚያ ባክአፕ መተማመን ይቻላል። እኛ ስንሠራው አጠገባችን ሆናችሁ በዓይናችሁ እንድታዩት እንፈልጋለን።

በሰኔ 30 ቆጠራ ጊዜ ከዕለታዊው ባክአፕ ሌላ ሁለት ተጨማሪ ውሰዱ። የመጀመሪያው የቆጠራው ውጤት ወደ ኮምፒውተሩ ከመግባቱ በፊት፣ ሁለተኛው ገብቶ እንዳለቀ። የቆጠራ ሌሊት ሰው ይደክማል። 24 ጠርሙስ የሚይዝ ካርቶን እንደ አንድ ፍሬ ይገባል፣ አንድ መደርደሪያ ሁለቴ ይቆጠራል፣ የመጋዘኑ በሱቁ ስም ይመዘገባል። ከቆጠራ በፊት የተወሰደ ባክአፕ ካለ በማግሥቱ ተመልሶ ማረም ይቻላል፤ ከሌለ ግን ስህተቱ ቀጥሎ በመጣው ሽያጭ ተሸፍኖ ዓመቱን ሙሉ ይከተላችኋል። ሁለቱንም ፋይሎች በየቀኑ ከሚሰረዙት ጋር ሳትቀላቅሉ ለብቻ አኑሯቸው። ዕለታዊዎቹ 30 ቀን ቆይተው ቢሰረዙ ጉዳት የለውም፤ የየወሩ መጨረሻና የሰኔ 30 ግን አይነኩ።

ስለ ማሽኑ እንክብካቤ ደግሞ ከሁሉ የሚብሰው መብራት ነው። በብዙ ሚኒ ማርኬት ፍሪጁና ኮምፒውተሩ በአንድ ኤክስቴንሽን ተሰክተው እናገኛቸዋለን። የፍሪጁ ኮምፕሬሰር ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኃይል በአንዴ ይስባል፤ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ኮምፒውተሩም ጠፍቶ ይነሳል። ባለቤቱ «ፕሮግራሙ ችግር አለበት» ብሎ ይደውላል። ኮምፒውተሩ የራሱ መስመር ይኑረው፤ ዩፒኤስም (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ይኑረው። የዩፒኤስ ሥራ የያዛችሁትን ሽያጭ ጨርሳችሁ በሥርዓት እንድትዘጉ ጊዜ መስጠት ነው፤ ቀኑን ሙሉ እንዲያሠራችሁ አትጠብቁበት። ባትሪው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይሠራል፤ ሙቀት ያለበት ቦታ ከተቀመጠ ከዚያም ያጥራል። በሳምንት አንድ ምሽት ቀን ከተዘጋና ባክአፕ ከተወሰደ በኋላ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ንቀሉና እዩት። ኮምፒውተሩ ወዲያው ከጠፋ ባትሪው አልቋል፤ ባትሪው ብቻ ስለሚቀየር አዲስ ዩፒኤስ አትግዙ። መብራት ተመልሶ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ታገሡና አብሩ።

ሌላው የሚያስደነግጣችሁ የቀን መቁጠሪያው ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ሲአር 2032 የምትባል እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለች። እሷ ስታልቅ ኮምፒውተሩ መብራት ባጣ ቁጥር ወደ ድሮ ዓመት ይመለሳል። ሽያጩ በዚያ ቀን ይመዘገባል፤ ማታ የዛሬ ሪፖርት ሲከፈት ዜሮ ይላል፤ «ዳታው ጠፋ» የሚል ስልክ ይደርሰናል። አልጠፋም፤ የተመዘገበው በሌላ ቀን ስም ነው፤ ማስተካከሉ ግን ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ካሸሮች ጠዋት የመጀመሪያውን ደረሰኝ ከመቁረጣቸው በፊት ቀኑንና ሰዓቱን ይዩ። ልክ ካልሆነ ሽያጩን ሳትጀምሩ ደውሉልን።

የደረሰኝ ፕሪንተሩ ጽሑፍ ከደበዘዘ ፕሪንተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ጽሑፉን የሚያትመውን ክፍል አልኮል በነካ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፣ እስኪደርቅም መጠበቅ ነው። በቢላ ወይም በስለት አይነካ። የፊስካል ማሽኑን ማኅተም ግን ማንም አይክፈተው፤ ፈቃድ ያለው የአገልግሎት ማዕከል ብቻ ነው የሚከፍተው።

ከዚህ ወር መጨረሻ ጀምሮ እስከ ሰኔ አጋማሽ ድረስ በየሱቃችሁ እየመጣን ባክአፑን ሪስቶር አድርገን እንፈትሻለን፤ ዩፒኤሱንና የማዘርቦርዱን ባትሪም እናያለን። የጥገና ውል ያላችሁ ምንም አትከፍሉም። ሥራውን ጠዋት ከመክፈታችሁ በፊት ብንሠራው ገበያችሁ አይስተጓጎልም፤ የሚመቻችሁን ቀን ለድጋፍ ክፍላችን ደውላችሁ አስይዙ። ስንመጣ ሁለት ፍላሽ፣ የትናንቱ ዜድ ሪፖርት፣ የዱቤ ደብተሩና የአስተዳዳሪው ፓስወርድ ያለው ሰው ይኑር። ባክአፕ የሚወስደው ካሸርም አብሮን ቢገኝ መልካም ነው፤ እጁን ይዘን እናሳየዋለን።

ከሰላምታ ጋር
የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል