ቋሚ መረብ ወደ ጣና አይግባ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የጣና ዓሣ መመናመን በተነሳ ቁጥር «ጃፓኖች እንደሚያደርጉት ቋሚ መረብ እንትከል» የሚል ሐሳብ እዚህ ባሕር ዳር ከአስጋሪውም ከባለሙያውም አፍ ይሰማል። ሐሳቡ ከበጎ ልብ የመነጨ ነው። አንድ ቦታ ተተክሎ የሚያልፈውን ዓሣ የሚጠብቅ እንዲህ ያለው መረብ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ትንንሹን ዓሣ ከነሕይወቱ ለመመለስ ያስችላል፣ በየማታው መረብ ተሸክሞ ሐይቁን ማሰስንም ያስቀራል። በምሳሌነት የሚጠቀሰው በሆንሹ ደሴት በጃፓን ባሕር በኩል ያለው የቶያማ ባሕረ ሰላጤ ነው። የቶያማን ነገር በዝርዝር የተመለከተ ሰው ግን ያን መረብ የጣና ገባር ወደሆነው ወደ ጉማራ ወንዝ መግቢያ ለማምጣት አይቸኩልም። በዓሣ ሀብት ሥራ ላይ ያለን የከተማዋ ነዋሪዎች ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ለዚህ ነው።

ከቦታው እንጀምር። ቶያማ በስፋት ከጣና ያንሳል፤ በጥልቀት ግን ሁለቱ አይገናኙም። የጣና ጥልቅ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ አማካዩ ከ10 ሜትር በታች ነው። የቶያማ ባሕረ ሰላጤ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ቁልቁለቱም የሚጀምረው ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ነው። ከጀርባው እስከ 3,015 ሜትር የሚደርሰው የታቴያማ ተራራ ቆሟል። ኩሮቤ፣ ጆጋንጂ፣ ጂንዙና ሾ የተባሉት ወንዞች የአካባቢውን ተራሮች የበረዶ ቅላጭ በአጭር ርቀት አንደርድረው ባሕር ውስጥ ይጨምሩታል። የባሕሩ ወለልም በሸለቆ በሸለቆ ተሰንጥቆ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ከላይ ከደቡብ የሚመጣው ሞቃት የቱሺማ ፍሰት ያልፋል፤ ከ300 ሜትር በታች ያለው ውሃ ደግሞ በጋ ከክረምት ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ስለዚህ የሞቃት ውሃ ዓሣም የቀዝቃዛ ውሃ ፍጥረትም ከወደቡ አፍንጫ ሥር ይገኛል። አስጋሪው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ዓሣው ራሱ በደጁ ያልፋል።

መረቡ የተሠራው ይህን የሚያልፍ ዓሣ ለመያዝ ነው። ከዳርቻው ወደ ጥልቁ ቀጥ ብሎ የሚሄድ የአጥር መረብ ይዘረጋል፤ ርዝመቱ ከጥቂት መቶ ሜትር ተነስቶ ከአንድ ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ከላይ ተንሳፋፊ፣ ከታች ክብደት አለው። ዳርቻውን ይዞ የሚዋኝ ዓሣ አጥሩ ሲያጋጥመው ወደ ጥልቁ ይታጠፋል፤ ዓሣ የሚሸሸው ወደ ጥልቅ ነውና። በአጥሩ ጫፍ ሰፊ የመረብ ግቢ ይቀበለዋል፤ እዚያ ክብ እየሠራ ይዞራል። ከግቢው ዘንበል ያለ አቀበት መረብ ወደ ላይ ያወጣውና መጨረሻ ላይ ያለው ከረጢት ውስጥ ይጥለዋል። በሮቹ ወደ ውስጥ እየጠበቡ ስለሚሄዱ መውጣት ይከብዳል እንጂ አንዱም አይዘጋም። በዚህ የተነሳ ከገባው ዓሣ አብዛኛው ተመልሶ ይወጣል፤ በባሕረ ሰላጤው ምዕራብ ዳር ባለችው በሂሚ ከተማ በመረቡ የሚቀረው ከገባው 30 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆነ ይነገራል። ጎህ ሳይቀድ ጀልባዎች ይደርሳሉ፤ መረቡን ከግቢው በኩል እየሰበሰቡ ዓሣውን ወደ ከረጢቱ ጥግ ይገፉታል፤ ከዚያም እጀታ ባለው መረብ እየጨለፉ በረዶ የተጨመረበት የባሕር ውሃ ውስጥ ይገለብጡታል።

በቀድሞ ጊዜ የሂሚ ሰዎች መረቡን የሚሠሩት ከሩዝ ገለባ ነበር። ወቅቱ ሲያልቅ ቆርጠው ባሕሩ ውስጥ ይጥሉታል፤ እዚያው ይበሰብሳል፣ የዓሣ መኖ የሚሆኑ ትንንሽ ፍጥረታትም ይራቡበታል። ዛሬ ጣና ውስጥ ተቆርጦ የሚቀረው የላስቲክ ክር መረብ አይበሰብስም፤ ሰብሳቢ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ እየያዘ ይኖራል።

ቋሚ መረብ ጠላቱ ብዙ ነው። ቶያማ ላይ ድንገት የሚነሳ ኃይለኛ የውሃ ፍሰት መልሕቁን ነቅሎ መረቡን ይበጣጥሰዋል። በሰሜን፣ በሆካይዶ በኩል የተነሳ ማዕበል አካባቢው ረግቶ ሳለ ከሰዓታት በኋላ ደርሶ ዳርቻውን ይመታል፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 እንዲህ ያለው ሞገድ ከባድ ጉዳት አድርሷል። ከሁሉም ይበልጥ እኛን ሊያሳስበን የሚገባው ግን የጄሊፊሹ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ዓመታት እስከ 200 ኪሎ የሚመዝን ግዙፍ ጄሊፊሽ (አጥንት የለሽ ዝልግልግ የባሕር ፍጥረት) በፍሰቱ እየተነዳ መጥቶ በጃፓን ባሕር ዳርቻ ያሉትን ቋሚ መረቦች ሞላቸው፤ መረብ ተቀደደ፣ ውስጡ የነበረውም ዓሣ ተጨፍልቆ ዋጋ አጣ። ጣና ላይ የጄሊፊሹን ቦታ የሚይዘው እምቦጭ ነው። አረሙ ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ ነፋስ የሚነዳው አንድ ምንጣፍ ብዙ ኩንታል ይመዝናል። አጥር መረብ ላይ ከተደገፈ ወይ መልሕቁ ይጎተታል፣ ወይ መረቡ ይቀደዳል፣ ወይም መረቡ ራሱ አረሙን ይዞ እንዳይሰበሰብ ያደርጋል። በዚያ ላይ ክረምት ሲገባ ጉማራና ርብ የሚያመጡት ደለልና ጭራሮ አለ። ጭቃ የያዘው የመረብ ዐይን ይደፈናል፤ የተደፈነ መረብ ዓሣ የሚለይ ነገር መሆኑ ቀርቶ ግድግዳ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ግን የወጪ ጥያቄ ነው፤ ገንዘብ ያለው ሊወጣው ይችላል። ዋናው ነገር የዓሣው ጠባይ ነው። በጃፓን የቅዝቃዜ ወራት የሂሚን ገበያ የሚያደምቀው ቡሪ የተባለው ዓሣ የባሕረ ሰላጤው ነዋሪ አይደለም፤ የሚራባው በደቡብ በምሥራቅ ቻይና ባሕር ነው፣ እያደገ እስከ ሆካይዶ ይወጣል፣ ቅዝቃዜው ሲበረታ ወደ ደቡብ ሲመለስ የኖቶ ልሳነ ምድር ወደ ቶያማ ይመራዋል። የጃፓን ቅዝቃዜ ሲያልፍ፣ በፀደይ፣ የሚያዘው ሆታሩ ኢካ የተባለው ሰማያዊ ብርሃን የሚረጭ ስኩዊድ ደግሞ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ዕድሜው አንድ ዓመት ነው። ቀን ቀን ጥልቁ ውስጥ ይውልና ሌሊት ወደ ዳርቻ ይወጣል። መረብ ውስጥ የሚገኙት ከሞላ ጎደል ሴቶቹ ናቸው፤ እንቁላል ለመጣል የመጡ፣ ጥለው ሲጨርሱም የሚሞቱ። የሚሰበሰቡበት የባሕር ገጽ እ.ኤ.አ. በ1952 ልዩ የተፈጥሮ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል።

የጣናው ነጭ አሳ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። 15 ገደማ ዝርያዎቹ በዓለም ላይ ከጣና ተፋሰስ ውጪ የሉም፤ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ለይቷቸዋል። ቢያልቁ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚተካ መንጋ የለም። ለመራባት ዓመታት ይፈጅባቸዋል፤ ከአንድ ጊዜ በላይም ይራባሉ። ከዝርያዎቹ ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በድርማ፣ በገልዳና በአርኖ ጋርኖ መግቢያዎች ተሰብስበው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ውሃው ጠራ ባለበት ገባር ላይ ጠጠር መካከል እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ጠጠሩ ደለል ከለበሰ እንቁላሉ አየር አጥቶ ይሞታል። መግቢያው ላይ የተዘረጋ መረብ የሚይዘው እንግዲህ የዓመቱን ምርት ሳይሆን እናቶቹን ነው። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ከገባ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነጭ አሳው መንጋ በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱ በጥናት ተመዝግቧል። ከመረቡ በተጨማሪ ወንዞቹ ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መነስነስ አለ፤ እሱ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉንም ነው የሚያሰክረው። ከዳር እስከ ወንዙ መግቢያ የሚደርስ አንድ ኪሎ ሜትር አጥር ብንጨምርበት ምን እንደሚቀር ማሰብ አያዳግትም።

ጃፓኖች ራሳቸው እንዲህ አያደርጉም። የቶያማ ወንዞች ሳልሞን ይወጣባቸዋል፤ ሳልሞንም እንደ ነጭ አሳው ለመራባት ወንዝ የሚገባ ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የውሃ ሀብት ጥበቃ ሕግ ወንዝ ውስጥ ሳልሞን መያዝን ይከለክላል፤ የሚፈቀደው ልዩ ፈቃድ ላለው፣ በተለይ ለማራቢያ ጣቢያ እንቁላል ለሚሰበስብ ነው። ባሕሩ ላይም መረብ የሚተክል ሁሉ እንደ ልቡ አይተክልም። በጃፓን የዓሣ ማስገር ሕግ ትልቅ ቋሚ መረብ የሚባለው በአብዛኛው 27 ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ላይ የሚተከለው ነው፤ መብቱን የአውራጃው አስተዳዳሪ ለ5 ዓመት ይሰጣል፣ ቦታው በካርታ ይወሰናል። ጣና ከዘጌ እስከ ጎርጎራ ቢፈለግ 27 ሜትር ጥልቀት የለውም! ከዳርቻው ቀረብ ያለውን ውሃ የመጠቀም መብት ደግሞ ለአካባቢው አስጋሪዎች ማኅበር ለ10 ዓመት ይሰጣል። ማኅበሩ ማን፣ መቼ፣ በምን እንደሚያሰግር ደንብ ያወጣል፣ ያስከብራልም። ለጣና የሚጠቅመው ይህ ነው። እኛም ዘንድ የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ የጎደለው ይህ የውሃ ክፍል የእገሌ ቀበሌ አስጋሪዎች ነው የሚል፣ ካርታና ጊዜ ያለው መብት ነው። የራሱ የሆነ ሰው ይጠብቃል፤ የማንም ያልሆነውን ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል።

ሌላው ከቶያማ የሚወሰደው በረዶ ነው፤ ይህን ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል። በእኛ አሠራር መረቡ ማታ ይጣላል፣ ጠዋት ይነሳል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት የተያዘ ቀረሶ (ቲላፒያ) ታንቆ ሞቶ እስከ ማለዳ ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ በጀልባ ወለል ተነጥፎ ወደ ከተማ ይመጣል። ስንት ዓሣ እንደሚበላሽ የገበያው ሽታ ይናገራል። መረቡን ሌሊት አንድ ጊዜ ተጨማሪ መፈተሽ ብቻውን ብዙ ያድናል። ሳጥን ሲዘጋጅ ከታች የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፤ መጀመሪያ የተከሰከሰ በረዶ ይነጠፍ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ የታጠበው ዓሣ ሆዱን ወደ ታች አድርጎ ይደርደር፣ በላዩ ደግሞ በረዶ፤ እንዲህ እየተደራረበ ከላይ በበረዶ ይዘጋ። በእኛ አየር ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ያስፈልጋል። ትልልቅ ቁራጭ በረዶ ሥጋውን ያቆስላል፣ እኩልም አያቀዘቅዝም። ቀዳዳው ከተደፈነ ዓሣው በቀለጠውና በደሙ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ያኔ በረዶው ጉዳት ነው። ያለው ዓሣ ሳይበላሽ ከተሸጠ ተጨማሪ የማስገር ጥድፊያውም ይቀንሳል።

ስለ ወንዞቹ አንድ ነገር እንጨምር። ኩሮቤ ላይ ያለው የዳሺዳይራ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ ደለሉን በር ከፍቶ ሲለቅ፣ ለዓመታት ተከማችቶ የበሰበሰው ዝቃጭ ወደ ባሕረ ሰላጤው ወረደ፤ አስጋሪዎቹ ጉዳታቸውን ይዘው ፍርድ ቤት እስከ መቆም ደረሱ። አሁን ደለል የሚለቀቀው ዝናብ ወንዙን ሲሞላው ነው፤ ብዙ ውሃ ዝቃጩን እንዲያቀጥነው ማለት ነው። ርብ ላይም ግድብ አለ። ውሃው መቼና እንዴት እንደሚለቀቅ ሲወሰን ነጭ አሳው ወደ ላይ የሚወጣባቸው ወራት ከስሌቱ ውስጥ መግባት አለባቸው።

የምንጠይቀው ይህ ነው፦ ሰኔ ከማለቁ በፊት በጉማራና በርብ መግቢያዎች ግራና ቀኝ፣ ወደ ሐይቁም በኩል፣ ከሩቅ በሚታይ ቀለም የተቀቡ ተንሳፋፊ ምልክቶች ይቀመጡ። ከምልክቶቹ እስከ ወንዙ ባለው ውሃ ውስጥ እስከ ጥቅምት መጨረሻ መረብ አይጣል። ጥበቃው ለዳርቻው ቀበሌ አስጋሪዎች ይሰጥ፣ ለጀልባቸው ነዳጅና ለሌሊት ጥበቃቸው አበል ይመደብላቸው፤ የሚያዘው ሕገ ወጥ መረብም ሕዝብ ባለበት ይወገድ፣ ተመልሶ ገበያ አይውጣ።

በዓሣ ሀብት ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎች፣ ከባሕር ዳር