ይድረስ ለአባባ፣ ከፍሎረንስ

ውድ አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በስልክ የላክሁትን ሥዕል አይተው «አዳምን ራቁቱን፣ ያውም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ! ምን የሚሉት ነገር ነው?» ብለው ተቆጡ አሉ። እስቲ ላስረዳዎት።

ሥዕሉ ያለው እዚህ ካርሚኔ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነው። የሣለው ማዛቾ ይባላል፤ በፈረንጆቹ 1425 ገደማ። ሲሞት ሠላሳ እንኳ አልሞላውም። አዳምና ሔዋን ከገነት ሲባረሩ ነው። ሔዋን አፏን ከፍታ ታለቅሳለች፤ በእጆቿ ገላዋን ሸፍናለች። አዳም ግን ገላውን ትቶ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ሲቃ እንደያዘው ሰው ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቷል። እግሩ መሬት ይረግጣል፤ ጥላም አለው። ብርሃኑ የሚመጣው ደግሞ የጸሎት ቤቱ የእውነት መስኮት ባለበት በኩል ነው። ከፊት ለፊታቸው ማዞሊኖ የሚባል ሌላ ሠዓሊ የሣላቸው አዳምና ሔዋን አሉ። እነሱማ ፎቶ ለመነሳት የቆሙ ነው የሚመስሉት!

ልጅ ሳለሁ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን እንደሚሣል ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። ማዛቾ የአዳምን አንድም ዓይን አላሳየንም። ጻድቅም አይበሉት ኃጥእ፣ ያዘነ ሰው ነው፤ በቃ።

በዚያ ዘመን እዚህ ከተማ የጥንት ግሪኮችንና ሮማውያንን መጻሕፍት የሚያገላብጡ ሊቃውንት ነበሩ። ሰው ኃጢአተኛ ብቻ ሳይሆን ክቡር ፍጥረት ነው፣ ስሜቱም ሥራውም ሊጠና ይገባዋል ይሉ ነበር። በ1486 ደግሞ ፒኮ ዴላ ሚራንዶላ የሚባል የ23 ዓመት ወጣት ፈጣሪ አዳምን ሲያናግረው አድርጎ ጻፈ። ቦታህን አልወሰንኩልህም፤ ወደ እንስሳ መውረዱም ወደ ላይ መውጣቱም በእጅህ ነው ይለዋል። «ትዕቢት ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የሮማው ጳጳስም አልወደዱለትም፤ ይህን ጽሑፍ መክፈቻ አድርጎ ሊያካሂደው ያሰበውን የአደባባይ ክርክር አገዱበት።

እኔ ግን ከፒኮ ይልቅ ማዛቾ ይበልጥብኛል። ፒኮ ሰውን ያሞግሳል። ማዛቾ ያለቀሰውን፣ የተባረረውን ሰው እንኳ ልብ ብሎ አየው።

የራቁቱን ነገር ካነሱ፣ እንደ እርስዎ ያፈሩም ነበሩ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ለአዳምና ለሔዋን ቅጠል ተሣለላቸው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ እድሳት ቅጠሉ ተነሳ።

በሚቀጥለው ከደረቱ በላይ ያለውን ብቻ አቅርቤ አንስቼ እልክልዎታለሁ። ያኔ ሳይቆጡ ይዩትና የሚሉትን ይንገሩኝ። የመድኃኒትዎን ነገር አደራ።

ልጅዎ