ፊቱ ሳይፈታ ያሳቀን ሰው

አዲስ አበባ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣
ድሬዳዋ

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የመጨረሻው ደብዳቤህ ከደረሰኝ ስድስት ዓመት አልፎታል። ከመድረክ መውረድህን፣ ሰው የሚስቅበት ነገር መለወጡንና ያንተ ጨዋታ ዘመኑ እንዳለፈበት ጽፈህልኝ ነበር። ያን ጊዜ ምን ብዬ እንደምመልስልህ ጠፋኝ። ዛሬ ነገ ስል እናትህ ማረፋቸውን ከሰው ሰማሁ፤ ለቅሶ ሳልደርስህ ቀረሁ፤ ከዚያ በኋላ ኀፍረቱ እየከበደ ሄዶ እጄን ያዘው። እንጀራቸውን በልቼ ላደግሁት እናት አፈር አለመመለሴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ነፍሳቸውን ይማር፤ አንተም ይቅር በለኝ።

ዛሬ ብዕር ያስጨበጠኝ ባስተር ኪተን፣ ያ የድምፅ አልባው ፊልም ዘመን አሜሪካዊ ኮሜዲያን ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ዕለቱ ፌብሩዋሪ 1 ነው፤ ኪተን ያረፈው በዚሁ ቀን በ1966 ነበርና፣ ትናንት ከልጄ ጋር ፊልሞቹን ስናይ አመሸን። (በዚህ ደብዳቤ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በእነርሱ አቆጣጠር ናቸው።) ያ ከቪዲዮ ቤት የተከራየነው ካሴት ትዝ ይልሃል? ድምፅ አልወጣ ሲል ዴኩ የተበላሸ መስሎህ ሽቦውን ስትነካካ፣ አባትህ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ «ተወው፣ ባቡሩን ልየው» አሉህ። ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር የፈጁ ሰው ስለነበሩ ዓይናቸው ከሞተሩ ላይ አልተነሣም። ያ ቀጭን ሰው መንኮራኩሮቹን በሚያያይዘው የብረት ዘንግ ላይ ተክዞ እንደተቀመጠ፣ ባቡሩ ቀስ ብሎ ተንቀሳቅሶ ወደ ላይና ወደ ታች እያመላለሰ ይዞት ሲሄድ እኔና አንተ በሳቅ ፈረስን፤ አባትህ ግን አልሳቁም። «እንፋሎቱ ትንሽ ቢበዛና ጎማው ቢፈተለክ ይህ ሰው አልቆለት ነበር» አሉ። የኪተን ሥራ ምን እንደሆነ ከዚያ ወዲህ ካነበብሁት ሁሉ አብልጠው የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው።

የተወለደው ኦክቶበር 4 ቀን 1895፣ በካንሳስ ግዛት ፒኳ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። ወላጆቹ ትርዒት እያሳየ መድኃኒት ከሚሸጥ ተጓዥ ቡድን ጋር ከከተማ ከተማ ይዞሩ ስለነበር እናቱን ምጥ የያዛት በጉዞ ላይ ሳለች ነው። ገና በሕፃንነቱ ከአባቱና ከእናቱ ጋር «ሦስቱ ኪተኖች» ተብለው መድረክ ላይ መውጣት ጀመሩ። የጨዋታቸው ፍሬ ነገር አስቸጋሪ ልጅና የሚቀጣው አባት ነው፤ አባትየው ልጁን እያነሣ ወደ መጋረጃው፣ አንዳንዴም ወደ ሙዚቀኞቹ ይወረውረዋል፤ ለመወርወር እንዲመችም በልብሱ ጀርባ የሻንጣ እጀታ ተሰፍቶለት ነበር። ለሕፃናት የሚቆረቆሩ ሰዎች ልጁ ተጎድቷል ብለው ደጋግመው ቢያስመረምሩትም ስብራት አላገኙበትም፤ አወዳደቅን የተማረው ከንግግር እኩል ነውና። ትልቁን ነገር ያስተዋለውም እዚያው መድረክ ላይ ነው፦ እርሱ ራሱ ከሳቀ የታዳሚው ሳቅ ይቀንሳል፤ ፊቱን እንደ ቋጠረ ከተነሣ ግን አዳራሹ ይናጋል። ያ የማይፈታ ፊት የሰባት የስምንት ዓመት ልጅ ከተመልካች የተማረው የሙያ ዕውቀት መሆኑን ሳስብ ይደንቀኛል፤ ልጅነቱ በዚያ መንገድ ማለፉ ደግሞ ያሳዝነኛል። አባቱ እያደር መጠጥ በረታበት፤ መወርወሩም የሚያሰጋ ሆነ። በ1917 ኪተን እናቱን ይዞ ከቡድኑ ወጣ፤ ዕድሜው 21 ነበር።

በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ በወቅቱ እጅግ ከታወቀው ኮሜዲያን ከሮስኮ አርበክል ጋር ተገናኘ፤ አርበክልም ፊልም ቀረጻ ወዳለበት ስቱዲዮ ጋበዘው። ኪተን በመጀመሪያ የጠየቀው ፊቱ በፊልም ላይ እንዴት እንደሚታይ አልነበረም። ካሜራውን ተውሶ ወደ ማደሪያው ወሰደና ፈታትቶ አሠራሩን አየ፤ መልሶም ገጣጠመው። አርበክል የሚያውቀውን ሁሉ ሳይሰስት አስተማረው። በ1921 አርበክል በአንዲት ተዋናይት ሞት ተከስሶ ሦስት ጊዜ ችሎት ሲቆም፣ በ1922 ነፃ ነህ ከተባለም በኋላ የፊልሙ ዓለም በሩን ሲዘጋበት፣ ብዙ ወዳጆቹ ሸሹት፤ ኪተን ግን አልከዳውም። ይህን ሳነብ ያንተ ደብዳቤ ከመሳቢያዬ ውስጥ እንዳለ ትዝ አለኝና ንባቡን ማቆም ነበረብኝ።

በመካከሉ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ተመልምሎ ፈረንሳይ ዘምቶ ነበር፤ እዚያ ጆሮውን ታምሞ የመስማት ችሎታው ለዕድሜ ልኩ ተጎዳ። በ1920 የራሱን ስቱዲዮ አገኘ። ከዚያ እስከ 1923 ባሉት ዓመታት 19 አጫጭር ፊልሞችን ሠራ። ከመጀመሪያዎቹ በአንዱ አዲስ ተጋቢዎች በሳጥን ተቆራርጦ የመጣላቸውን ቤት ራሳቸው ሊገጣጥሙ ይሞክራሉ፤ የሳጥኖቹን ቁጥር ግን ምቀኛ ለውጦታል፤ በሩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ግድግዳው ተጣሞ ይቆማል። ልጄ ትናንት ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው በእርሱ ነው። የተጻፈ ድርሰት አልነበራቸውም። መነሻና መድረሻ ካገኙ መካከሉ ራሱን ይወጣል ይሉ ነበር፤ ሐሳብ ሲነጥፍባቸው ሥራውን አቁመው ቤዝቦል ይጫወታሉ፤ ሐሳቡ ሲመጣ ኳሱን ጥለው ይመለሳሉ። እኛ በዚያች የቀበሌ አዳራሽ ልምምድ እንዴት እናደርግ እንደነበር አስታውስ፤ የሠራናቸው መልካም ጨዋታዎች ሁሉ የተወለዱት ሻይ ልንጠጣ በወጣንበት ነበር።

አሁን አባትህ ወደ ነገሩኝ ልመለስ። ኪተን ካሜራው እንዲዋሽ አይፈቅድም ነበር፤ በሚችለው ሁሉ መውደቁን ራሱ ይወድቃል፣ ተመልካቹም ሳይቆራረጥ በአንድ ዕይታ እንዲያየው ያደርጋል። በ1924 በሠራው ፊልም ከባቡር ጣሪያ ላይ ዘሎ የውኃ ማጠራቀሚያ ቧንቧ ላይ ሲንጠለጠል ውኃው ገፍትሮ ከሐዲዱ ላይ ጣለው፤ ራሱን አመመው፤ ሥራውን ግን ቀጠለ። ያን ዕለት የአንገቱ አጥንት ተሰብሮ እንደነበር የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ሐኪም በራጅ ሲያየው ነው። በ1928 ደግሞ በማዕበል መሃል ቆሞ ሳለ የአንድ ቤት ፊት ለፊት ግድግዳ ተገንድሶ በላዩ ይወድቃል፤ ክፍት የነበረው የፎቁ መስኮት ልክ በቆመበት ስለሚያርፍ ሰውየው ሳይነካ ይተርፋል። ግድግዳው ሁለት ቶን ያህል ይመዝን ነበር፤ በመስኮቱና በትከሻው መካከል የነበረው ክፍተት ደግሞ ጥቂት ጣት ብቻ ነው። ይህን ትዕይንት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ትንፋሼን ሳልይዝ አይቼው አላውቅም። ድፍረቱ ብቻ አይደለም የሚማርከኝ። አናጢዎቹ ለክተው፣ እርሱም የሚቆምባትን ነጥብ ምልክት አድርጎ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለልኬቱ ትቶ ጸጥ ብሎ መቆሙ ነው። ሰዎች ኮሜዲ ቀላል ሥራ ይመስላቸዋል፤ አንተ እንኳ አንዲትን አወዳደቅ ለሦስት ሳምንት ስትለማመድ ቤተሰብህ ሥራ እንደፈታህ ይቆጥሩት ነበር።

አባትህ የወደዱት ፊልም «ዘ ጄኔራል» ይባላል፤ የቀረጸው በ1926 በኦሪገን ግዛት ኮቴጅ ግሮቭ በምትባል ከተማ አጠገብ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ባቡሩን የሰረቁበትን ጠላቶች ብቻውን የሚያሳድድ የባቡር ነጂ ታሪክ ነው። በሚቃጠለው ድልድይ ላይ የሚያልፈው ባቡር እውነተኛ ባቡር ነበር፤ ድልድዩ ሲደረመስ ወደ ወንዙ ወረደ፤ ብረቱም እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እዚያው ወንዝ ውስጥ ቀረ። ያች አንዲት ትዕይንት 42,000 ዶላር ፈጀች ይባላል፤ በድምፅ አልባው ዘመን ከተቀረጹት ሁሉ ውዷ እርሷ ሆና ትቆጠራለች። ኪተን ከሥራዎቹ ሁሉ የሚመካበት ይህ ፊልም ነበር። ሲታይ ግን ገበያ አጣ፤ ተቺዎችም አሰልቺ ነው አሉት። በ1989 የአሜሪካ መንግሥት ለአገር ቅርስነት ይጠበቁ ብሎ መጀመሪያ ከመረጣቸው 25 ፊልሞች አንዱ ሆነ፤ እርሱ ግን ይህን ሳያይ አልፏል።

በ1928 የራሱን ስቱዲዮ ትቶ ከትልቁ ኩባንያ ከኤም ጂ ኤም ጋር ተፈራረመ። ቻርሊ ቻፕሊን አይሆንህም ብሎ መክሮት ነበር፤ ኪተንም በኋላ የሕይወቴ ትልቁ ስሕተት ብሎታል። ድርሰቱ ተጽፎ ይሰጠዋል፤ ከተጻፈው ውጭ አንድ እርምጃ ሊጨምር አይችልም። ክፉው ነገር ፊልሞቹ ጥሩ ገንዘብ ማስገባታቸው ነው፤ ስለዚህ ተቃውሞውን የሚሰማው ጠፋ። ጥፋቱን ሁሉ ግን በኩባንያው ላይ መጣል አልፈልግም፤ የአባቱ መጠጥ እርሱንም አገኘው፤ ሥራ ላይ ሳይገኝ የሚቀርበት ቀን በዛ። በ1932 ትዳሩ ፈረሰ፤ ሚስቱ የሁለቱን ወንዶች ልጆች የአባት ስም ሳይቀር በእርሷ ቤተሰብ ስም ለወጠችው። በ1933 ከሥራ ተባረረ።

ስለ ኪተን የሚጻፈው አብዛኛው ነገር እዚህ ሲደርስ «ተረሳ» ይልና ሃያ ዓመት ይዘላል። እኔ ግን ልጽፍልህ የተነሣሁት ስለ እነዚያ ሃያ ዓመታት ነው። ባነሰ ገንዘብ፣ በችኮላ የሚሠሩ አጫጭር ፊልሞች ላይ ሠራ። ከዚያ ወደዚያው ወደ አባረረው ኩባንያ ተመልሶ በሳምንት 100 ዶላር ለሌሎች ኮሜዲያን ቀልድ ፈጣሪ ሆነ። ለማርክስ ወንድማማቾች፣ ለሬድ ስኬልተን ሐሳብ ያዋጣል፤ አወዳደቅ ያስተካክላል፤ ፊልሙ ሲወጣ ስሙ የለበትም። እኔ ይህን ውርደት ብዬ መጥራት አልችልም። መጠጡን ተቋቁሞ በየማለዳው እየተነሣ የሚያውቀውን ሥራ ሠራ፤ እናቱንና ወንድም እህቱን ያስተዳደረውም በዚያ ገንዘብ ነበር። በ1940 ኤሊኖር ኖሪስ የተባለች ዳንሰኛ አገባ፤ እርሱ 44፣ እርሷ 21 ዓመታቸው ነበርና ማንም ዕድሜ አልሰጣቸውም፤ እስከ ሞቱ ድረስ አብራው ኖረች። በ1947 ፓሪስ ሄዶ በሜድራኖ ሰርከስ መድረክ ላይ በታዳሚ ፊት ሲጫወት ሕዝቡ አልረሳውም ነበር። እነዚያን ዓመታት ሳስብ ነው አንተ የምትመጣብኝ፤ በትምህርት ቤቱ ለልጆች ድራማ ታለማምዳለህ የሚለውን ወሬ ከአንድ የድሬ ሰው ስሰማ ደስ ብሎኝ አደርሁ። አንተ ግን ይህን እንደ ሥራ አትቆጥረውም ይሆናል።

ከዚያ ወዲያ ያለው የታወቀ ነው። በ1949 አንድ ታላቅ መጽሔት ስለ ድምፅ አልባው ኮሜዲ ያወጣው ጽሑፍ ስሙን አነሣው፤ በ1952 ከቻፕሊን ጋር በአንድ ፊልም ላይ ታየ፤ የቀድሞ ቤቱን የገዛው ተዋናይ ጄምስ ሜሰን ደግሞ ጠፉ የተባሉ ፊልሞቹን እዚያው ግቢ ውስጥ አገኘ። በ1960 የክብር ኦስካር ተሸለመ። በ1965 በቬኒስ ፌስቲቫል ታዳሚው ቆሞ ረጅም ጭብጨባ አደረገለት።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን የ1964ቱን ነው። ካናዳ ውስጥ በሐዲድ ላይ በምትሄድ ትንሽ ጋሪ አገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጥ ሰው ሆኖ አጭር ፊልም ሲሠራ 69 ዓመቱ ነበር። ከፍተኛ ድልድይ ሲሻገር ትልቅ ካርታ ዘርግቶ ነፋሱ ካርታውን በላዩ ላይ እንዲጠቀልለው፣ ምንም ሳያይም እንዲያልፍ አሰበ። ዳይሬክተሩ አደገኛ ነው ብሎ ሌላ ቀለል ያለ ነገር አቀረበለት። ሽማግሌው ተከራከረ፤ ማታም ለሚስቱ ሲያማርር አመሸ፤ በዚህ ሥራ ከልጅነቱ ጀምሮ የኖረ ሰው ምኑ አደገኛ እንደሆነና ምኑ እንዳልሆነ አይስተውም ነበር። በመጨረሻ እንዳሰበው ተቀረጸ። ፊልሙን ባገኘኸው ጊዜ ተመልከተው፤ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ውጦታል፣ ጋሪዋ ትሮጣለች፣ ከሥር ገደል ነው፤ ድልድዩን ጨርሶ ካርታውን ሲገፍፍ ፊቱ እንዳለ ነው።

ለትንሣኤ ከልጄ ጋር ወደ ድሬ እንመጣለን። መጀመሪያ ወደ እናትህ መቃብር ውሰደኝ፤ ከዚያ ፊልሙን ይዤልህ እመጣለሁና ከልጆቹ ጋር እናየዋለን።

የማይረሳህ ወንድምህ